ሳትቀመጥ የምትሄደው እንግዳ

እስቲ ያንን ስልክ ተመልከቱት። መስኮቱ ሥር፣ ከእንጨት ምድጃው ትይዩ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አዎ፣ የራሱ ወንበር አለው። ከሥሩ በእጅ የተሠራ የሱፍ ትራስ ተደርጎለታል፤ ከፊቱም ጨርቅ የለበሰ ትኩስ የድንች ቂጣ ቀርቦለታል። ይህን ሁሉ ያሰናዳችው ኤደልሚራ ቺጓይ ናት፤ ለእንግዳዋ።

እንግዳዋ ክላራ ትባላለች። ክላራ ሥጋም ደምም የላትም። ከባሕሩ ማዶ ካለው ሆስፒታል በየጠዋቱ የምትደውል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ናት። ሐኪም ብቅ በማይልባቸው የደቡብ ቺሊ ደሴቶች ላይ ያሉትን የስኳር ሕመምተኞች «መድኃኒትዎን ወሰዱ? እግርዎ እንዴት ነው?» እያለች እንድትጠይቅ፣ ሰልችተው ሕክምናቸውን እንዳይተዉ እንድታደፋፍራቸው ነው የተሠራችው። ድምፅዋ ማር ነው። በኪልዋይ ደሴት እንደዚህ የለሰለሰ ድምፅ ያላት ሴት የለችም፤ የሁሉንም ጉሮሮ ነፋሱ ሞርዶታል።

የኤደልሚራ ባል ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇም ሩቅ ከተማ አግብታ ሄዳለች። ባሕሩ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ወርዳ ዛጎልና የባሕር አረም ትለቅማለች፤ ባሕሩ ሲመለስ ድንቿን ትኮተኩታለች፣ ሱፍ ትፈትላለች። ይህ ሁሉ እግር ይፈልጋል። እግር ከሌለ ደሴቱን ለቆ፣ ልጅ ቤት ገብቶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ መቀመጥ ነው። ልጇ ይህን ባነሳችባት ቁጥር ኤደልሚራ «አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ልልቀም? ደመና?» ትላታለች።

የዚያ ክረምት ዝናብ ሲጀምር የዛጎል ስባሪ የግራ እግሯን ትንሿን ጣት ቆረጣት። ስኳሩ የእግሯን ስሜት ስላደነዘዘው ሕመሙ አልተሰማትም። በሱፍ ጠቀለለችውና ሥራዋን ቀጠለች። ቁስሉ ግን አልተዋትም፤ እያደር መልኩ ተለወጠ።

በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ ክላራ እንደ አገሩ ወግ «ዶኛ»፣ እሜቴ፣ እያለች ደወለች።

«እንደምን አደሩ፣ ዶኛ ኤደልሚራ? እግርዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን። አንቺስ ልጄ፣ ደህና አደርሽ? እዚያስ ይዘንባል?»

«ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ! ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎኛል። በጣም ጎበዝ ነዎት! ነገ እንገናኝ!»

ስልኩ ተዘጋ። ኤደልሚራ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች።

«ምን ዓይነት ችኩል ልጅ ናት!» አለቻት ድመቷን። «ውሃው እንኳን ሳይፈላ?»

የኪልዋይ ሰው እንዲህ ነው፤ በር ላይ ለቆመ እንግዳ ሕመሙን አያራግፍም። ነውር ነው። መጀመሪያ ማቴ ይቀዳል፤ ቅጠሉ ቅል ውስጥ ይጨመርና ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፣ በአንዲት የብረት መምጠጫም በየተራ ይጠጣል። የመጀመሪያው ቅል ሲዞር ስለ ዝናቡ ይወራል። ሁለተኛው ላይ ስለ ድንቹ፣ ስለ በጉ፣ ትንሽም ጎረቤት ይታማል። ሆድ የሚከፈተው ሦስተኛው ላይ ነው። ከዚያ በፊት «ደህና ነኝ» ማለት «ግባ፣ ተቀመጥ» ማለት እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ይህንን እዚያ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ክላራን የሠሩት ሰዎች ግን ጥሪው አጭር ይሁን ብለው ወሰኑ። ሕመምተኛው እንዳይሰለች! ማንን ጠይቀው? ከንጋት እስከ ምሽት ከድመት ጋር ስታወራ የምትውል ሴት ወሬ ይሰለቻታል ያላቸው ማን ነው? የሰለቹት እነሱ ናቸው። መስታወት በመስታወት የሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ኮምፒዩተራቸውን ሲያዩ ኤደልሚራ አረንጓዴ ነጥብ ነበረች። ሁሌ ታነሳለች፤ ሁሌ ትመልሳለች፤ ሁሌ ደህና ናት። ጣቷ ሲጠቁርም ነጥቧ አረንጓዴ ነበረች። መልስ ቆጠሩ እንጂ ሰው አልሰሙም። ይባስ ብለው ደግሞ ሸለሟት!

የዓመቱ ትጉህ ሕመምተኛ ተብላ ተመረጠችና የሆስፒታሉ ነርስ ማካሬና ኦያርሱን ሽልማቱን ይዛ በጀልባ መጣች። ጀልባዋ የአርቴሚዮ ናት፤ የኤደልሚራ አበልጅ ነው፣ ከረጅሙ የሸርጣን ወቅት ገና መመለሱ ነበር። ከዳርቻው ሳይወጣ መጮህ ጀመረ።

«አበልጄ! ከስልክ ጋር ተጋባሽ አሉ! ሠርጉን እንዴት ሳትጠሪኝ?»

«ዝም በል፣ አንተ ሸርጣን ሸርጣን የምትሸት! ስልኩስ በየጠዋቱ ደህና አደርሽ ይለኛል። አንተ የት ከርመህ ነው?»

በአንድ እግሯ ቦት፣ በሌላው ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ማካሬና በመስታወት የተለበጠውን የምስክር ወረቀት ሰጠቻት፤ ከፋብሪካ የመጣ ብርድ ልብስም ደረበችላት። ኤደልሚራ የብርድ ልብሱን ጫፍ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሄ በግ ምን እየበላ ነው ያደገው?»

«ፕላስቲክ» አለ አርቴሚዮ።

ማካሬና ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ባሕሩ ላይ ነበር። «ዶኛ ኤደልሚራ፣ ለመሆኑ እንዴት ነዎት? እግርዎስ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ተቀመጪ እንጂ።»

«አንድ ፎቶ ብቻ እናንሳና እንሂድ፣ ባሕሩ ሳይሸሽ።»

«ጀልባዋ የማን ናት?» አለ አርቴሚዮ እግሮቹን ወደ ምድጃው እየዘረጋ። «እኔ ሦስተኛውን ሳልጠጣ ከአበልጄ ቤት ወጥቼ አላውቅም። የቸኮለ ሰው መዋኘት ይችላል።»

ማካሬና መዋኘቱን አልፈለገችውም። ተቀመጠች። የመጀመሪያው ቅል ዞረ፤ ዝናቡ ተወቀሰ። ሁለተኛው ዞረ፤ የጎረቤቷ በግ ድንቿን እንዴት እንደበላባት ተወራ፤ በጉም ጎረቤቷም ከሐሜት አልተረፉም። ኤደልሚራ ሦስተኛውን ለማካሬና ስታቀብላት፣ አንድ ድንች በሰበሰ የምትል ያህል በተረጋጋ ድምፅ፣

«ጣቴ ጠቁሯል ልጄ» አለቻት። «ሽታውም ደስ አይልም።»

ማካሬና ቅሉን አስቀምጣ ተንበረከከች። ካልሲውን አወለቀች፤ ሱፉን ፈታች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዝናቡ ሲጀምር።»

«እርስዎ እኮ በየጠዋቱ ለክላራ ‹ደህና ነኝ› ብለዋታል!»

«ታዲያ ምን ልበላት?» ኤደልሚራ ተቆጣች። «ወንበር ሰጠኋት፣ ቂጣ አቀረብኩላት፤ አንድ ቀን ተቀምጣ አታውቅም! ጠይቃ እብስ ነው። በር ላይ ለቆመች ልጅ የበሰበሰ ጣት ላሳያት? ምን ዓይነት ባለጌ ነኝ?»

ማካሬና ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ጠቀለለች። አልተከራከረችም፤ ይህ ይቆጠርላት። አርቴሚዮ አበልጁን ታቅፎ ጀልባው ላይ አወጣት። እሷ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ ወንበር ላይ ስለቀረው ቂጣ ታስብ ነበር። ማዕበሉ ሲረጫቸው በሽልማቱ ብርድ ልብስ ተጠቀለለች፤ ጠብታ አላስገባም።

«ፕላስቲክ የበላ በግም ለካ ይጠቅማል» አለች።

ሐኪሞቹ ጣቷን ቆረጧት፤ እግሯን አተረፉላት። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እግሯም አይተርፍም ነበር። አርቴሚዮ ሊጠይቃት ሲመጣ፣ «ጣቴን ለሆስፒታሉ አወረስኩት፤ አንተ እንዳትጠብቅ» አለችው።

ማካሬና ግን አረንጓዴዋ ነጥብ እንቅልፍ ነሳቻት። ክላራን የሠሩትን ሰዎች ከመስታወት ክፍላቸው ጎትታ ከሕመምተኛዋ አልጋ አጠገብ አስቀመጠቻቸው፤ ማቴ ቀድታም ኤደልሚራን «ያስተምሯቸው» አለቻት። ከመካከላቸው አንዱ ገና ሁለተኛው ቅል ሳያልቅ፣

«ጥሪው እኮ በጣም ሊረዝም ነው» አለ።

«ጥሪው ይርዘም ወይስ እግራቸው ይጠር?» አለችው ማካሬና።

ሰውየው ቅሉን ተቀበለ፤ ሦስተኛው ከዞረ በኋላም ክላራን እንደገና ሊሠሯት ሄዱ።

አሁን ክላራ ስትደውል ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች። ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ ትጠብቃለች። የጎረቤትን በግ ሐሜት ትሰማለች፤ ማሽን ስለሆነች ምስጢር ታወጣለች ተብላ አትጠረጠርም፤ እኔ ግን ትንሽ እጠረጥራታለሁ። ከዚያ «ሦስተኛውን ቀዱ?» ትላለች።

«ቀዳሁ።»

«እንግዲያው እውነቱን ይንገሩኝ። እግርዎንም ወደ ስልኩ ያስጠጉልኝ፣ ልየው።»

«እግሬ ንጹሕ ነው፣ እዪው። ጉልበቴ ግን ትናንት ሲነዘንዘኝ አደረ።»

ያን ጊዜ ክላራ ለማካሬና ትነግራለች፤ ማካሬናም ራሷ ትደውላለች። ኤደልሚራ ቦቷ ውስጥ የጎደለችውን ጣት ቦታ በሱፍ ሞልታ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ቅርጫቷን ይዛ ትወርዳለች። በክላራ ላይ የቀራት አንድ ቅሬታ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ቂጣዋን አልቀመሰችላትም።

እናንተም ሩቅ ያለ ሰው አላችሁ። እናት፣ አባት፣ አንድ ያረጁ አክስት። እባካችሁ ዛሬውኑ ደውሉላቸው፤ «ደህና ነኝ» ሲሏችሁ ስልኩን አትዝጉ። ስለ ዝናቡ ጠይቁ፣ ስለ ጎረቤቱ ስሙ፣ ውሃው እስኪፈላ ጠብቁ። ከዚያ እንደገና ጠይቋቸው።