ለማልቀስ የሚመቹ የሽርሽር ቦታዎች

ወንድሜ በተቀበረ ሳምንት ለእናቴ የሽርሽር ቦታ አፈላልግ ነበር። ስጽፈው እንኳን ነውር ይመስለኛል፤ የሆነው ግን እንደዚያ ነው። አሸዋ፣ ንጹሕ አየር፣ ብዙ የማያስኬድ፣ ለአሮጊት የሚመች። ሰው እነዚህን ሁሉ የሚፈልገው ሲደሰት ነው። እኔ የፈለግኩት እናቴ የልጇን ሞት እንዳትሰማ ነበር።

ሥራዬ እዚህ ካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ክኒን እየሞላሁ ሳለ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከሩቅ ከተማ፣ ከኤድመንተን ደወሉ። በሥራ ሰዓት ደውለውልኝ አያውቁም።

«ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ፣ ምነው በደህና?»

«እንግዲያው ቁጭ በይ። ድምፅ እንዳታሰሚ።»

የክኒኑን ጠርሙስ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ታናሽ ወንድሜ፣ የእናቴ አንድ ወንድ ልጅ፣ አዲስ አበባ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ልቡ ቀጥ ብሎ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አርፎ ነበር። ተቀብሯል። እኔ ክኒን ስሞላ እሱ አፈር ለብሷል። አጎቴ ይህን ነግረውኝ ትንፋሽ እንኳን ሳይወስዱ ወደ ትእዛዙ ገቡ። እናቴ በስልክ መስማት የለባትም። እኔም ብቻዬን እንዳልነግራት። እሳቸው ዓርብ ማታ ይገባሉ፤ ቅዳሜ ንጋት ላይ ከሽማግሌዎቹና ከነፍስ አባቷ ጋር ሆነው ያረዷታል። እስከዚያ ድረስ እንደ ወትሮው ልሁን።

እንደ ወትሮው! የእሱ እህት መሆኔን የረሱ መሰለኝ።

ወጉን አልጠላውም ነበር። አገር ቤት ቢሆን በማግስቱ ሳይነጋ ጎረቤቱ ተጠራርቶ ደጅ ይቆማል፤ ሽማግሌ ቀድሞ ይገባል፤ የሚይዛት፣ ውሃ የሚያቀብላት፣ አብሯት የሚጮህ ሰው ሁሉ ተሰናድቶ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን እንዳይሸከም የታሰበ ደግ ነገር ነው። ቶሮንቶ ላይ ግን አንዱ ሽማግሌ የማታ ሺፍት አለበት፣ ሌላው ታክሲ ይነዳል፣ የነፍስ አባቷም በሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ሣጥን ያነሳሉ። ስለዚህ እዚህ መርዶ የዕረፍት ቀን ይጠብቃል። በመካከሉ ያለውን ሳምንት ማን እንደሚሸከመው ወጉን ያወጡት ሰዎች አላሰቡበትም።

ቤት ውስጥ እንዳላቆያት ቶርንክሊፍ ፓርክ ያለው ሕንፃችን በእኛ ሰው የተሞላ ነው። እናቴ ሳትሰማ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። ማክሰኞ ጠዋት ሊፍት ውስጥ አንዲት ጎረቤታችን እናቴን ስታይ ዓይኗ በእንባ ሞላ። «ጉንፋን ነው እትዬ» ብላ በመጀመሪያ የተከፈተው በር ዘላ ወረደች፤ ቤቷ ግን ገና ብዙ ፎቅ ይቀረዋል።

«ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» አለችኝ እናቴ።

ለአጎቴ ደውዬ ነገርኳቸው። «ከከተማ አውጫት!» አሉኝ። «የሆነ ቦታ ውሰጃት። ባሕር ዳር፣ ገጠር፣ የትም።»

አብራኝ የምትሠራ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ሴት አለች። በጋ በመጣ ቁጥር ሐይቅ ዳር ቤት ትከራያለች፤ ከእሷ በላይ ቦታ የሚያውቅ የለም። እናቴን አየር ላስቀይራት ነው አልኳት። ደስታዋን ብታዩት! ከከተማው በስተምሥራቅ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብትሄዱ ይህ አለ፣ ያ አለ፤ ነጭ አሸዋ፣ ላቬንደር የሚባል የሽቶ አበባ እርሻ፣ ቼሪ የሚለቀምበት ቦታ፣ ለመርከብ ያበራ የነበረ አሮጌ የመብራት ማማ። ማረፊያም ራሷ ደውላ ያዘችልኝ። «እናትሽ እንዴት ዕድለኛ ናት!» አለችኝ። አመሰገንኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

የሚገርመው እናቴን ማሳመኑ ነው የቀለለኝ። ቶሮንቶ ከመጣች ጀምሮ የምታውቀው መንገድ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ ነበር። በየበጋው እንውጣ ስላት «ውሃ ለማየት ነው ያን ያህል መንገድ?» እያለች ትስቅብኛለች። በዚያ ሳምንት ግን ፊቴን ስታየው ቆየችና «እሺ እንሂድ፣ ከስተሻል፣ አየር ሳይጠቅምሽ አይቀርም» አለች። ለእኔ ብላ ነው የሄደችው። በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት ልንነሳ ነው፤ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ስለነበር ፍርፍሩን በቅቤ አሸችው፣ ዳቦ ቆራርጣ አሰረች፣ ቅመም ሻይ በፔርሙስ ያዘች። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥቼ ፍራሽ ሥር የደበቅኩት እሷ እንቁላል ስትቀቅል ነው።

አውራ ጎዳናው ላይ ከወጣን በኋላ ቦርሳዋን ማመስ ጀመረች። «ስልኬን ረሳሁት!»

«ምንም አይደል እማዬ፣ ገጠሩ ኔትወርክ የለውም።»

«ቅዳሜ ልጄ ይደውላል እኮ።»

«ዓርብ እንመለሳለን» አልኳት። ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም።

እንግዲህ የሽርሽር ቦታ ምከሪኝ የሚለኝ ቢኖር የምመክረው ከዚህ ልምድ ተነሥቼ ነው። እይታውን አልናገርም። እናት ሳታይ ምን ያህል እንደሚያስለቅስ ነው የምናገረው።

ባሕር ዳሩ ተወዳዳሪ የለውም። በእርግጥ ሐይቅ ነው፤ እናቴ ግን ቆማ አየችውና «ማዶው የታለ? ማዶ የሌለው ነገር ባሕር ነው» ብላ ወሰነች፤ ከዚያ በኋላ ባሕር ሆነ። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች፣ ማዕበሉ እግሯን ሲመታት ጮኸችና ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ያ ሳቅ አንጀቴን በጠሰው። ሮጬ ውሃው ውስጥ እስከ አንገቴ ገባሁ፤ ጭንቅላቴን ነክሬ አፌን ከፍቼ ጮህኩ። ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ፊትሽ ለምን ረጠበ የሚለው የለም። ቀና ባልኩ ቁጥር እናቴ ከዳር ሆና «በቃሽ! ብርድ ይመታሻል!» ትለኛለች፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ መልሼ እነከራለሁ። ባጠገቤ የጎማ ቀለበት የታጠቁ ልጆች ይንቦጫረቁ ነበር፤ ከእነሱ ጩኸት የእኔን የለየው አልነበረም።

የላቬንደሩ እርሻም አይከፋም። እስከ ጥግ ድረስ ሐምራዊ ነው፤ ንቡ ብዛቱ። ዓይኔ እዚያ ስንደርስ አብጦ ነበር። «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «አለርጂ ነው፣ አበባው ነው» አልኳት፤ እርሻውን የሚያስጎበኘው ሰውዬም «ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል» ብሎ መሐረብ ሰጠኝ። በዚያ መሐረብ በግልጽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴ ጀርባዬን እያሸችኝ አለቀስኩ። እሷ ላቬንደሩን ትራገማለች። «እንዲህ የሚያደርግሽ ከሆነ ምን ልናደርግ መጣን?» ትላለች። በዚያ ሳምንት ውስጥ እጇ ጀርባዬ ላይ ያረፈበት ያ ሰዓት ብቻ ነው ወንድሜን አብረን ያለቀስን የመሰለኝ፤ እሱም ውሸት ነበር።

የቼሪው እርሻ ግን የሚመከር አይደለም። ዛፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ሰው ይበዛል፣ እናቴም ከጎኔ አልተለየችም። ባልዲዋን ሞልታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዛፉ ሥር ቆመች።

«ቪዲዮ አድርጊኝና ለወንድምሽ ላኪለት» አለችኝ።

«ኔትወርክ የለም እማዬ።»

«ያቺ ልጅ እያወራች አይደል እንዴ?» አለች፤ ወዲያ ማዶ ስልክ የያዘች ልጅ ነበረች።

ስልኬን አነሣሁ። እናቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ ስልክ ላይ ስታወራ እንደምታደርገው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንተ! ይኸውልህ ባሕር አየሁ። አሁን ደግሞ ይቺን የምታህል ፍሬ ከዛፍ ላይ በነፃ እየበላሁ ነው፣ ሰዎቹ ዝም ነው የሚሉት። አንተ ስትመጣ እዚሁ ነው የምንመጣው፤ እህትህ መንገዱን አውቃዋለች» አለች። ከዚያ ቼሪ አፏ ውስጥ ጨምራ አሳየችው።

ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ስለምታይ ላክሁት። የወንድሜ ስልክ ዝግ ነበርና አልደረሰም።

«አየው?» አለች።

«ገና አላየውም።»

«ሥራ ይዞት ይሆናል» ብላ ወደ ለቀማዋ ተመለሰች። እዚያ ቦታ ማልቀስ አይቻልም። ወደ ውስጥ የሚዋጥ እንባ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት እዚያ ነው።

ዓርብ፣ በመመለሻችን ቀን፣ የመብራት ማማው ጋ ቆምን። ደረጃው ቀጭንና ጠመዝማዛ ነው፤ የእናቴ ጉልበት አይችለውም። «ውጪና እይልኝ» ብላ ታች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ላይኛው በረንዳ ላይ ንፋስ እንጂ ሰው አልነበረም። የወንድሜን ስም ጠራሁት፣ ደግሜ ጠራሁት። ንፋሱ ወዲያው ስለሚወስደው የፈለግኩትን ያህል ጠራሁት። ብልጫው ይህ ነው፤ ብቻውን ለሚያዝን ሰው እመክረዋለሁ። እኔ ግን ብቻዬን ማዘን አልነበረብኝም፤ አብራኝ የምታለቅስ እናት አለችኝ፣ ደረጃው ሥር ተቀምጣ።

ስወርድ ሻይ ቀድታ ጠበቀችኝ። ውሃውን እያየች ነበር።

«ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ሳምንት አሳልፌ አላውቅም» አለችኝ። «ሥራ የለ፣ ሐሳብ የለ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለም አላውቅ ኖሯል።» ከዚያ መዳፏን ዘርግታ መመረቅ ጀመረች። ስትመርቅ አጭር አይደለችም። ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ ቤቴን፣ ሁሉንም አዳረሰችና መጨረሻ ላይ፣ «አንቺም ወንድምሽም እናንተ ቅበሩኝ፤ እኔ አልቅበራችሁ» አለች።

ምርቃት ተሰጥቶ ዝም አይባልም። እየጠበቀችኝ ነበር።

«አሜን» አልኩ።

በማግስቱ ንጋት ላይ በሩ ሲንኳኳ ራሷ ከፈተችው። ወንድሟ ከኤድመንተን፣ የነፍስ አባቷ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። አጎቴ አፋቸውን ሳይከፍቱ ዞራ ያየችው እኔን ነው። «ታውቂ ነበር» አለች። የመጀመሪያው ጩኸት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ለየብቻ እየጠራ አመሰገነኝ። በብልሃት ያዝሻት፣ ጎበዝ ነሽ፣ አንድም ነገር ሳታስነቂ፣ ቢያንስ ያንን ሳምንት ደስ ብሏት አለፈ። አጎቴ ሳሙኝ። እናቴ ግን በዚያ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ ተዝካሩ ወጣ፣ ጥቁሩን አወለቀች። መስኮት አጠገብ መቀመጥ ብቻ ሆነ ሥራዋ። እንደገና በጋ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ እየበላን፣ ፀሐዩ ደስ ሲል አየሁና አፌ አመለጠኝ፦

«እማዬ፣ አንድ ቀን ወጣ ብለን አየር ብንቀበል?»

እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሲሄድ አየሁት።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

ማንም አልኳት። ማልኩላት፤ በወንድሜ አጥንት ማልኩላት። አላመነችኝም፤ ለምን ታምነኛለች? ስልኬን አምጪ አለችኝና ላላት ዘመድ ሁሉ በየተራ ደወለች። ኤድመንተን፣ አዲስ አበባ፣ ደሴ። «አንተው ራስህ ነህ? እስኪ ድምፅህን አሰማኝ» ትላለች፤ እህቷ ልጆቿን አንድ በአንድ ስልኩ ላይ እንድታቀርብላት አደረገች። ምሳው ቀዘቀዘ፣ ከሰዓቱ አለፈ። በመጨረሻ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ሁሉም ደህና ናቸው» አለች።

«ነገርኩሽ እኮ። እንሂድ ታዲያ? ቅርብ ነው የምንሄደው።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። ሁሉን ነገር ስትረዳ ቆይታ ይህ አንዱ ብቻ ያልገባት ትመስል ነበር።

«ሁሉም ደህና ከሆኑ» አለችኝ፣ «ለምን እንሄዳለን?»