ብቻውን ሲሄድ ያልፋል

ቢሮ ውስጥ «እንዝርት» ነው የሚሏት። አንድ ቦታ ረግታ ስትቀመጥ ያያት የለም። እናቷም ቢሆኑ «ልጄ፣ አንቺ ስትቀመጪ እኮ ወንበሩ ራሱ ይደነግጣል» ይሏታል። ሥራዋ ፍተሻ ነው፤ ሌሎች የጻፉት ፕሮግራም በትክክል መሥራቱን የሚያጣሩ ትንንሽ ፈተናዎችን ትጽፋለች፣ የሰውንም ታርማለች። አንድ ፈተና ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገው ነገር ይሰናዳለታል፤ ሲያልቅ ደግሞ ያዝረከረከው መጠረግ አለበት። «የበላህበትን ሳታጥብ አትነሳ!» ትላለች፣ ለሚሰማትም ለማይሰማትም። አሥራ ሁለት ዓመት ስለደጋገመችው የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀር በቃሉ ይዞታል።

በዚያ ሳምንት ለሐኪም ቤቶች ከሚሠሩት የቀጠሮ ፕሮግራም ፈተናዎች አንዱ አስቸገረ፤ ብቻውን ሲሄድ ያልፋል፣ ከሌሎቹ ጋር ሲሄድ ይወድቃል። የጻፈው የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ አዲስ ሠራተኛ ነው። ሰኞ በስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጥፋቱ የሱ ነው፤ ሥራ አይችልም» አለች። ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ይቀጥል ወይስ ይሰናበት የሚለውን አለቃዋ ሐሙስ በአራት ሰዓት ሊወስኑ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቁጭ ብድግ አበዛች። ውሃ ቀድታ ሳትጠጣው ተወችው። መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። እርግጠኛ ከሆንኩ ምን ያቅበጠብጠኛል ብላ በራሷ ተናደደች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈተናዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች የቀሩትን ማስኬድ ጀመረች። ሰባተኛውን ስታወጣ የአዲሱ ሰው ፈተና አለፈ።

ሰባተኛው ፈተና ለሙከራ የተመዘገበችን በሽተኛ ቀጠሮ ይሰርዝና እንደሰረዘ ትቶት ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ያንኑ ቀጠሮ ሲፈልግ ያጣዋል። ለእያንዳንዱ ፈተና እንደ አዲስ መሰናዳት የነበረበት መዝገብ፣ ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ፣ ለሁሉም በጋራ አንዴ ብቻ ይሰናዳል። የሚጠርግም የለም። የጻፈው ማን እንደሆነ አየች። ራሷ ነች፤ ከአምስት ዓመት በፊት።

ክው አለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይቺው ናት!

እየሮጠች ስትደርስ አዲሱ ሰው በአለቃዋ በር ላይ ተራውን ይጠብቃል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው ትንፋሽ እያጠራት። «አሁኑኑ ገብቼ እነግራቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «ማክሰኞ ነው ያገኘሁት። ስምዎ አለበት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ሰኞ እርስዎ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?»

የሚያምነው ሰው ብትፈልግ አንድም አጣች፤ ራሷም አታምነውም ነበር። በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ሰኞ የነበሩትን ሰዎች በሙሉ ይጥሩልኝ» አለች። «በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት ነው የምሽረው።»