ጭላቶቹ የወሰዱት ጠጉር

ኤሊኔድ ሰው ፊት መናገር ትፈራለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ስትሠራ ልጆቹን በጭልፋዋ እንጂ በአፏ አነጋገረቻቸው ማለት አይቻልም። የመንደሩ ሰው ደግሞ ሁሉንም በሥራው ነው የሚጠራው። እሷም ጡረታ ወጥታ እንኳ «ሾርባዋ ኤሊኔድ» መባሉ አልቀረላትም።

እንዲህ ያለች ሴት እንዴት ሰው እየመራች ደን የምታዞር ሆነች ቢባል፣ ኮይድ ሜሪን የሚባለውን ደን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ነው። ደኑ ከአባቷ ቤት በላይ፣ ከበጎቹ ግጦሽ ቀጥሎ ነው። አባቷ ድሮ ከሰል ይከሰልበት የነበረውን መደብ፣ የጥንቱን የድንጋይ ካብ፣ የጉጉቷን ጎሬ ሁሉ እጇን ይዞ አሳይቷታል። እንዳትረግጪ ያላትንም አሳይቷታል። እነዚያ የእርሳስ ማዕድን ይወጣባቸው የነበሩ ጉድጓዶች ናቸው። ቆፋሪዎቹ ሥራውን ሲተዉ የጉድጓዶቹን አፍ በሳንቃ ከድነው ሄዱ። ሳንቃው ላይ አፈር፣ አፈሩ ላይ ቅጠል ወደቀ። አሁን ተራ መሬት ይመስላሉ። አባቷ ዳሩ ላይ ቆሞ በዱላው መታ ያደርግና «ስሚ፣ ከሥሩ ባዶ ነው» ይላት ነበር። ድምፁን ከሰማች ማታ እንቅልፍ የላትም።

አንድ ዓመት ጥር ላይ ማዕበል መጣና አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ የተለመደውን መንገድ ዘጋው። ኤሊኔድ ዞር ብሎ የሚያልፍ ሌላ መንገድ ፈለገች። ያ መንገድ በአንደኛው ጉድጓድ አጠገብ ነው የሚያልፈው። የደኑ ባለቤት ዛፍ ላይ ቀለም መቀባት፣ ምስማር መምታት አይወድም። ስለዚህ አጥር ላይ የተንጠለጠለ የበግ ጠጉር ለቅማ በየአሥር እርምጃው ቅርንጫፍ ላይ አሰረች። ጠጉሩን በስተቀኙ እያደረገ የሄደ ሰው ከጉድጓዱ ሃያ እርምጃ ይርቃል። የወደደችውም በግ ታክካ የተወችው ስለሚመስል ነው። ማንም «ይሄ ምንድነው?» ብሎ አይጠይቃትም። እሷም «መንገዱ እንዳይጠፋኝ ነው» ብላ አታፍርም።

መጋቢት ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዎች የደኑ በር ላይ ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው ሚስተር ፕሮሰር ነበሩ፣ ኤሊኔድ የሠራችበት ትምህርት ቤት የቀድሞ ርዕሰ መምህር። ሱቅ ያላት ኔስታም ነበረች። ኤሊኔድ እንደ ሁልጊዜው መሬት መሬት እያየች ስለ ወፎቹ ተናገረች። ቀይ ጭላት በዚህ ወር ጎጆውን እንደሚሠራ፣ ውስጡን በበግ ጠጉር እንደሚያነጥፍ ነገረቻቸው።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እንጂ ኤሊኔድ!» አሉ ሚስተር ፕሮሰር ከኋላ። «ለእኛ ነው ወይስ ለጫማሽ የምታወሪው?»

«ይቅርታ፣ ጌታዬ።»

«አሁንም ጌታዬ!» ኔስታ ሳቀች። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሰውዬው ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከእንግዲህ ከሾርባሽ አያባርሩሽም!»

ሰዎቹ ሳቁ። ወደ ደኑ ገቡ።

የወደቀው ዛፍ ዘንድ ሲደርሱ ጉሙ ከሸለቆው ወጣ። መጀመሪያ የዛፎቹን ጫፍ፣ ቀጥሎ ግንዳቸውን ዋጠው። ኤሊኔድ የመጀመሪያውን ጠጉር አገኘች። አሥር እርምጃ ቆጠረች፤ ሁለተኛው የለም። ሌላ አሥር ሄደች፤ ሦስተኛውም የለም። ከላይ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ሰማች። አንድ ጭላት ከጉሙ ዝቅ ብሎ ወጣና በራሳቸው ላይ አለፈ። ጥፍሩ ላይ ነጭ ነገር አንጠልጥሏል።

ያሰረችው ጠጉር ነው። ያንኑ ነገር ጠዋት በራሷ አፍ ነግራቸዋለች። ጠጉሩን ያሰረችው ጥር ላይ ነው፣ መጋቢት እንደሚመጣ አላሰበችም።

ያን ጊዜ መቆም ነበረባት። አፈረች። ጥቂት ብሄድ አገኘዋለሁ ብላ ቀጠለች።

ድው አለ፣ ከጫማዋ ሥር።

ከሥሩ ባዶ ነው። እግሯ ግን ሄደ። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ብትጮህ ይቆማሉ፣ ከቆሙ ደግሞ እላዩ ላይ ነው። አፏን ዘጋች። ከኋላዋ ድው። ድው። ኔስታ ስለ አማቷ እያወራች አለፈች። ኤሊኔድ ዞር ሳትል፣ እርምጃዋን ሳታዘገይ፣ ቆጠረች። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛው ሲረግጥ አብሮት ቀጭን የስንጥቅ ድምፅ መጣ።

ሌላ ሃያ እርምጃ ወሰደቻቸውና «እዚህ ተቀመጡ» አለች።

«እርጥብ ላይ?» አለች ኔስታ።

«ተቀመጡ፣ የኔ እህት። ጉሙ እስኪያልፍ።»

ሚስተር ፕሮሰር አልተቀመጡም። «ጉም መሆኑን እናያለን። እንግዲህ የመጣንበት መንገድ አለ አይደል? በደህና አምጥቶናል፣ በደህና ይመልሰናል። የምትፈልጉ ተከተሉኝ።»

ሦስት ሰዎች ከመሬት ተነሡ።

«አይሆንም፣ ጌታዬ» አለች ኤሊኔድ። ከአፏ የወጣው ለራሷም አልተሰማትም።

«ምን አልሽ?»

ሚስተር ፕሮሰር መልስ ሳይጠብቁ መሄድ ጀመሩ። አምስት እርምጃ፣ ስድስት። ጀርባቸው ከጉሙ ጋር መመሳሰል ጀመረ። ኤሊኔድ ሮጣ ካፖርታቸውን ከኋላ ጨመደደች፤ ጎትታ ልትጥላቸው ምንም አልቀራት።

«ቁጭ በል አንተ ሰውዬ!»

ደኑ ሁሉ የሰማት መሰላት። በዕድሜዋ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም።

«ከኋላችን ጉድጓድ አለ» አለች። «እላዩ ላይ ሁላችንም አልፈናል። ሳንቃው ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ። መንገዱ ጠፍቶኛል። የት እንደቆምን አላውቅም።»

ከተነሡት አንዷ ባለችበት ቁጢጥ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሚስተር ፕሮሰር ቀስ ብለው፣ እግራቸው ሥር ያለውን ቅጠል እያዩ ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት እንጃ፤ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ተጠጋግተው ቆዩ። ኔስታ የኤሊኔድን እጅ ይዛ አልለቀቀችውም፣ አልቀለደችም።

ነፋስ መጣ። ጉሙ እንደ መጋረጃ ሳይሆን እንደ ቁራጭ ጨርቅ እዚህም እዚያም ተነሣ። ያኔ አዩት። ቅጠሉ ወደ ውስጥ ሰጥሟል። አንድ ሳንቃ ተሰብሮ ወርዷል፣ በቦታው የምግብ ጠረጴዛ የሚያህል ጥቁር አፍ ተከፍቷል። የጫማቸው ዱካ ከወዲያ ማዶ ይመጣል፣ ጥቁሩ ላይ ይቋረጣል፣ ከወዲህ ይቀጥላል።

ሚስተር ፕሮሰር ዱካውን ረጅም ጊዜ አዩት። በሰልፉ መጨረሻ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

«እኔ ስረግጠው።»

«እና ዝም ብለሽ...»

«ብናገር ትቆሙ ነበራ።»

ሚስተር ፕሮሰር ሊነሡ ሲሞክሩ እጇን ሰጠቻቸው። ከዚያ አንዱ የሌላውን ልብስ ይዞ፣ ጉድጓዱን አይታ ያለችበትን ያወቀችው እሷ ከፊት፣ የሩብ ሰዓቱን መንገድ በሁለት ሰዓት ወጡ። በመንገዱ ላይ እያንዳንዱ የራሱን እግር ነበር የሚያዳምጠው።