ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት አደራ

ትምህርቴ ከፊደል ብዙም አላለፈም። ስለዚህ የሰው አደራ ስይዝ ስም አልጽፍበትም፤ ክር ነው የማስርበት። መስቀል ሲቃረብ አዲስ አበባ ያለው የሰፈራችን ሰው ሁሉ አገር ቤት ለመግባት ይሯሯጣል፤ መሄድ ያልቻለው ደግሞ ለእናቱ የገዛውን ጋቢ፣ ለአባቱ የገዛውን ኮት ለሚሄደው ይሰጣል። በዚያ ዓመት ቀድሜ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ሱቁን ዘግቶ በዋዜማው ሊደርስ፣ እኔ የዐሥር ዓመት ልጃችንን ይዤ ወጣሁ። ሰባት ጥቅል ተሰጠኝ፤ ሰባት ዓይነት ክር አሰርኩ።

ቀይ ክር ያሰርኩበት የጎረቤታችን ነበር። መርካቶ ተሸካሚ ነው። ጭነት እግሩ ላይ ወድቆበት ቤት ዋለ። ለእናቱ የገዛውን ጋቢ ሲሰጠኝ፣ «እትዬ፣ በእጅሽ ስጫት። በሌላ ሰው እንዳትልኪው» አለኝ። እሺ አልኩ።

ያኔ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኔ ጃንሆይን አልፈራም ነበር፤ እሳቸው ሩቅ ናቸው። የምፈራው ኬላ ላይ የሚቆመውን ፖሊስ ነው። በበዓል ሰሞን ጉራጌ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ ያውቃል። መንገደኛው እርስ በርሱ ይመካከራል፦ ዓይኑን አትዪው፣ ጌታዬ በይው፣ አዲስ ልብስ ለብሰሽ አትሂጂ፣ የጠየቀሽን ብቻ መልሺ። ሌሊቱን ይህንን ስደግም አደርኩ።

አውቶቡሱ ከወንበሩ በላይ ሰው ጭኗል። ለልጄ ወንበር የለም፤ በእኔና በጎኔ በተቀመጠው ሰው መሃል ቆመች። ሰውየው የቡታጅራ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እስላም፣ ትልቅ ሰው። ጥቅሎቹን ከእግሬ ሥር እንዳደርግ ነገረኝ። ወለሉ ጭቃ ነበር። የሰው አደራ ጭቃ ላይ አላስቀምጥም ብዬ ጭኔ ላይ ከመርኩት፤ አገጬ ድረስ ደረሰ።

ወልቂጤ ልንደርስ ስንል ሾፌሩ ከአንድ ጉብታ ሥር አቆመና ዞረ።

«ትርፍ ውረድ! ኬላው ከጉብታው ወዲያ ነው። በማሳው ዙሩና ከድልድዩ ማዶ ጠብቁኝ። ቶሎ በሉ!»

የቆመው ሁሉ መውረድ ጀመረ። ልጄ አየችኝ።

«ጌታዬ፣ እሷ ሕፃን ናት» አልኩት።

«ታዲያ እቀፊያታ!»

ጭኔን አየሁት። ጥቅሎቹን መሬት ብጥላቸው ይበቃ ነበር። ይህን አሁን ሳስበው ቀላል ነው። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ፖሊሱ ከመሬት እያነሳ ሲበትናቸው ነው። አንዲት ሞላ ያለች ሴት፣ እሷም ከሚወርዱት ናት፣ «እኔ እይዛታለሁ እቴ፣ አትጨነቂ» ብላ የልጄን እጅ ያዘች። ወረዱ። ውጭ ያካፋ ነበር። ጋቢዬን ላልብሳት ብዬ ስታገል በሩ ተዘጋ።

ኬላው ላይ ፖሊሱ ገባ። ቀጭን ነው፣ የዝናብ ካፖርት ደርቧል። ሁሉንም አልፎ እኔ ጋ ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነጋዴ ነሽ?»

«አይደለሁም ጌታዬ። አደራ ነው።»

«ሰባት አደራ? የንግድ ፈቃድሽን አምጪ።»

«የለኝም ጌታዬ። የጎረቤት ነው። ሰማያዊው ክር የ...»

«የክር ፈቃድ አለሽ እንግዲህ!» ብሎ ሳቀ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው አብሮት ሳቀ፤ ፈርተው ይሁን ቀልዱ ጥሟቸው አላወቅኩም።

የቡታጅራው ሰው፣ «ጌታው፣ ለመስቀል የሚሄድ ሰው እኮ ነው» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? መስቀል ያንተ ነው?»

«የጎረቤቶቼ ነው። እኔ ሥጋውን ባልበላም ጭፈራው ቤቴ ይሰማል» አለ። ፖሊሱ አልሳቀም። ሾፌሩን ወረቀት አምጣ አለው፤ ወረቀቱን ይዞ ወርዶ ኬላው ጎጆ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ተከትሎት ወረደ። ቆዩ። እኔ በመስኮቱ ማሳውን አያለሁ፤ በቆሎው ሰው ይውጣል፣ ምንም አይታይም። ልጄ እዚያ ውስጥ ናት ብል ትርፉ ይታወቃል፤ ሾፌሩ ይታሰራል፣ መኪናው ይያዛል፣ እሷም ማሳ ውስጥ ትቀራለች። ዝም ብል ደግሞ መኪናው አይንቀሳቀስም። ጥቅሎቹን በሁለት እጄ አቅፌ ማሳውን ብቻ አያለሁ።

ፖሊሱ ተመልሶ መጣ። «እሺ፣ አንዱን ተዪና ሂዱ» አለኝ።

አላሰብኩም። ክሩንም አላየሁም። ከላይ ያለውን አንስቼ ሰጠሁት። በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ተነሳ። የሰጠሁት ቀይ ክር ያለበት መሆኑን ያየሁት ስድስቱን ስቆጥር ነው።

ከድልድዩ ማዶ የወረዱት ሰዎች ርሰው ቆመዋል። ሞላ ያለችው ሴት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቴ መጣች።

«እቴ፣ አውቶቡሱ ሲቆይባት፣ እናቴን ያዟት ብላ አለቀሰች። ያዝኳት፤ አመለጠችኝ። ወደ ኬላው ነው የሮጠችው።»

የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ጥቅሎቹን የቡታጅራው ሰው ላይ ጥዬ እንደወረድኩ አውቃለሁ። ሾፌሩ «አልጠብቅሽም!» ሲል፣ የቡታጅራው ሽማግሌ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «ወላሂ፣ እኔን ሳትረግጥ ጎማህ አይዞርም» ሲለው ከኋላዬ ሰማሁ።

ሮጥኩ። ጫማዬ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ስንት ነገር አሰብኩ መሰላችሁ፤ ወንዙን አሰብኩ፣ ጅብ በቀን ይወጣል ወይ ብዬ አሰብኩ፣ ለአባቷ ምን እንደምለው አሰብኩ።

ልጄ ኬላው ጎጆ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትከሻዋ ላይ ያ ጋቢ አለ፤ ቀዩ ክር ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ፖሊሱ ነው ያለበሳት።

«ያንቺ ናት?» አለኝ።

«አዎ ጌታዬ።»

«በዚህ ዝናብ ልጅ ማሳ ውስጥ ይጣላል? እንዲህ ያለች እናት አይቼ አላውቅም። ማን አወረደሽ ብላት፣ እናቴን ስጡኝ ነው መልሷ። ለሾፌሩ ንገሪው፣ ሲመለስ ከሱ ጋር እንነጋገራለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አልኩት። ጎንበስ ብዬ መሬት ልስም ምንም አልቀረኝም።

የልጄን እጅ ይዤ ስነሳ፣ «ቆይ» አለና ጋቢውን ከትከሻዋ ገፈፈው። በወጉ አጠፈው፣ ጥግ ከጥግ አገናኝቶ። «ይሄ ይቀራል» አለ። እኔም ደግሜ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ልጄን አሙቆልኛልና አመሰገንኩት፤ የዘረፈኝም እሱ ነው። ሁለቱ ነገር እስካሁን ልቤ ውስጥ አልተለያየም።

የራሴን ጋቢ አለበስኳትና ተመለስን። ሽማግሌው አሁንም ደረጃው ላይ ነበር።

ከወልቂጤ በጭነት መኪና አገራችን አገና ገባን። በማግስቱ የጋቢዬን ጭቃ በእጄ አሽቼ አራገፍኩ፤ አጥቤ ለማድረቅ ጊዜ አልነበረም። ጫፉ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበትና ለተሸካሚው እናት ወሰድኩላት። አሮጊቷ ዓይኗ ደክሟል። ጋቢውን ዳሰሰችው፣ ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው፣ ደጋግማ አሸተተችው።

«ለብሶት ነው የላከልኝ» አለች። «ጠረኑ እንዲደርሰኝ ብሎ ነው። ተባረኪ ልጄ።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ እንሰቱን፣ አጥሩን፣ ሌላ ሌላውን አየሁ።

አዲስ አበባ ስንመለስ ጎረቤታችን በምርኩዙ እያነከሰ መጣ። «ወደደችልኝ?» አለ።

«አሸተተችው» አልኩት።

«አዲስ ጋቢ ምን ጠረን አለው?»

በርጩማ ሳብኩለት። ልጄ ከጓዳ በር ላይ ሆና፣ «ያንተን ፖሊስ ወሰደው» አለችው። «የሰጠናት የእናቴን ነው። ያንተን መጀመሪያ እኔ ለበስኩት፣ በርዶኝ ነበር።»

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። እሱ ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። 

«ይሞቃል?» አላት።

«በጣም ይሞቃል።»

«ሸማኔውም እንደሱ ብሎኝ ነበር» አለ። ምርኩዙን አንስቶ ሄደ፤ ይህም ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

በዓመቱም መስቀል ደረሰ፤ በዓመቱም ጥቅል ይዤ ሄድኩ። ያ ሾፌር ከዚያው ጉብታ ሥር አቁሞ «ትርፍ ውረድ!» አለ። አደራው ከእግሬ ሥር ጭቃው ላይ ነበር። ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ እግሯ ተንጠልጥሎ ወለሉን ይነካል፣ ክብደቷ ጭኔን አደንዝዞታል። ጭኔ ላይ ነበረች።