ፕሮፌሰሩ ያደሩበት ግቢ

ባራዛው የተጠራው በሞያሌዋ ሄሉ መንደር ውስጥ፣ ከቺፉ ቢሮ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ነበር። ባራዛ የምንለው ቺፉ፣ የአካባቢው የመንግሥት ሹም፣ ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያነጋግርበትን ስብሰባ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ጸሎተኞች ወደ ቦሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ግቢ አጥረው ተቀምጠዋል። ወላጆች ወደዚያ የገቡ ልጆቻቸውን ይዩ ወይስ አይዩ የሚለውን ለመወሰን ነበር የተሰበሰብነው። ሌሎቹ ወላጆች ታክቷቸው ቀሩ። የመጣችው አንዲት እናት ብቻ ናት።

የማውቃት ከገበያ ነው፤ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። እዚሁ ሞያሌ ኬንያ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ግማሹ ስዋሂሊ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ትልቋ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ግቢው ከገባች ወዲህ እናትየዋ ድምጿን አልሰማችም።

እዚህ ሽማግሌዎች ክርክር ሲሰሙ አንድ ደንብ አላቸው። ከአንዱ ወገን ዘንድ ያደረ ወይም የበላ ሰው ከመናገር አይከለከልም። የሚናገረው ግን ከዚያ ወገን መካከል ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ማንም አፉን ከመክፈቱ በፊት የት እንዳደረ ይጠየቃል። እኔም ተጠይቄ "ቤቴ" ብያለሁ።

ፕሮፌሰሩ ይህን አያውቁም ነበር። ከናይሮቢ የመጡ የሃይማኖት ጥናት ምሁር ናቸው። እንዲህ ያሉ ቡድኖች ፖሊስና ጎረቤት ሲነሣባቸው ቆመው ይከራከሩላቸዋል። ዋናው ሽማግሌ "የት አደርክ ልጄ?" ሲሏቸው ፊታቸው በራ።

"እነሱ ግቢ ነው አባቴ" አሉ በስዋሂሊ። "መኪና ላኩልኝ፣ ፍየል አረዱልኝ። እንዲህ ያለ መስተንግዶ አይቼ አላውቅም።"

ሽማግሌው በከዘራቸው የግቢው ሰዎች ወደተቀመጡበት አመለከቱ። "እንግዲያው እዚያ ተቀመጥ።"

"እኔ እኮ ተመራማሪ ነኝ። የማንም ወገን አይደለሁም።"

"አንተስ አይደለህም፤ ፍየሉ ግን ወገን ነበረው" አለ ከኋላ አንድ የከብት ደላላ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩም ሳቅ ብለው ወንበራቸውን ይዘው ተዛወሩ።

ጥሩ ተናገሩ። አዲስ እምነት ሁሉ መጀመሪያ በጥርጣሬ እንደሚታይ፣ መንግሥት ሲቸኩል ደግሞ የሚጎዳው ምእመኑ እንደሆነ አስረዱ። ይህ እውነት ነው፤ በጋዜጠኝነት ሥራዬ አይቼዋለሁ። ቀጥለው ወደ እናትየዋ ዞሩ።

"ልጅሽን አነጋግሬያታለሁ። በፈቃዷ ነው ያለችው።"

እጄን አነሣሁ። "ብቻዎን ነው ያነጋገሯት?"

"በአስተርጓሚ። አማርኛ አልችልም።"

"ማን አስተረጎመልዎ?"

አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው አሳዩኝ። የግቢው አስተዳዳሪ ነው።

እናትየዋ ብድግ አለች። "አስተርጓሚ ለምን? ልጄ የተማረችው እዚህ ነው! ስዋሂሊም እንግሊዝኛም እንደ እርስዎ ታወራለች። የኔን ልጅ አይደለም ያነጋገሩት፤ ሌላ ልጅ ነው ያሳዩዎት።"

ፕሮፌሰሩ ወደ አስተዳዳሪው አዩ፤ አስተዳዳሪው ወደ መሬት አየ። ቺፉ እናትየዋ በማግስቱ ልጇን በር ላይ እንድታይ ወሰነ። ምስክር ትሆናለህ ብሎ እኔን ላከኝ።

በማግስቱ አስተዳዳሪው ልጅቷን ይዞ ወጣ። ራሷ ናት። ከስታለች፤ የታመመች ግን አትመስልም። እናቷ በስዋሂሊ ጠራቻት፣ ጤናዋን ጠየቀቻት፣ እንሂድ አለቻት። ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ በአማርኛ "ደህና ነኝ እማዬ። እዚሁ ነው የምኖረው" አለች።

"ከፕሮፌሰሩ ጋር ተነጋግረሻል?" አልኳት።

"አዎ።"

"እንግሊዝኛ ትችያለሽ አይደል?"

"ትቼዋለሁ።"

"ስዋሂሊውንስ?"

"ሁለቱንም ትቻለሁ። የውጭ ዓለም ቋንቋ ናቸው።"

አስተዳዳሪው በደግነት ራሱን ነቀነቀ። ለእናትየዋም በሌላ ቋንቋ ካናገረቻት በሩ እንደሚዘጋ፣ በአማርኛ ከሆነ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት እንደምትችል ነገራት።

ከሰዓት በኋላ ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። ያነጋገሯት ልጅ ትክክለኛዋ እንደነበረች ነገርኳቸው። ያለ አስተርጓሚ ልታነጋግራቸው የምትችልባቸውን ሁለት ቋንቋዎች እንድትተው መደረጓንም ነገርኳቸው።

"ቋንቋ መተው በእንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦች ዘንድ ያለ ምናኔ ነው" አሉ። "ፈቃዷን አይሽረውም።"

"ላይሽረው ይችላል። አስተርጓሚዎ ማን እንደነበረ ግን በጥናትዎ ላይ ይጻፋል?"

"እሱ የአሠራር ዝርዝር ነው።"

"የጉዞውን ወጪስ ማን ቻለው?"

"የጋበዙኝ እነሱ ናቸው። ሐሳቤን ግን ማንም አልገዛውም።"

አመንኳቸው። አሁንም አምናቸዋለሁ። የተገዙ ሰው ቢሆኑ ዜናው ይቀልለኝ ነበር። መኪናው፣ አልጋው፣ ምግቡና አስተርጓሚው ከአንድ በር የወጡላቸው ሰው መሆናቸውን ጻፍኩ፤ ልጅቷ ያለችውንም ቃል በቃል ጻፍኩ። አዘጋጁ ስለ አስተርጓሚው የሚናገረውን አንቀጽ ለቦታ ብሎ ቆረጠው። "በፈቃዷ ነው" የሚለው የፕሮፌሰሩ ቃል ታተመ። ተቃወምኩ፤ ማስተካከያ ይወጣል ተባልኩ፤ አልወጣም። ሌላ ዘገባ ስለነበረኝ ወደዚያ ሄድኩ።

እናትየዋ ጽሑፉን አላነሣችብኝም። በገበያው ሳልፍ ልብስ እያጣጠፈች ትጠራኛለች።

"አንተ ጋዜጠኛ፣ ና እስኪ። ሐሩሲን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?"

"ሰርግ።"

"ሰርግ" አለች ቀስ ብላ። "የእህትሽ ሰርግ። ልክ ነው?"

"ልክ ነው እትዬ።"

"ምዌዚ ኡጃዮስ?"

"የሚመጣው ወር።"

"የሚመጣው ወር" አለች። ሸሚዙን አጣጥፋ ከክምሩ ላይ አኖረችው። "የእህትሽ ሰርግ የሚመጣው ወር ነው። ቅዳሜ እነግራታለሁ። በሩን እንዳይዘጉብኝ ነው።"

ደግማ አለችው፤ እኔም ቆሜ አዳመጥኳት። አልተሳሳተችም።