ይተካል አልኩ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም ደብቄያለሁ። ለእርስዎ የምነግረው ስለማያውቁኝ ነው፤ ድፍረት አይምሰልዎ።

የምሠራው አሶሳ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ለገበሬው የሶላር መብራት ይሸጣል፤ መብራቱ እምቢ ያለው ሰው ሲደውል ስልኩን የሚያነሱት የእኛ ክፍል ሴቶች ነበሩ። እኔ ተቆጣጣሪያቸው ነበርኩ። ከእነሱ አንዷ ሐዋ የምትባል የበርታ ልጅ ናት። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ሰው ሳላውቅ በወባ ስወድቅ ያስታመመችኝ እሷ ናት። ዓይነ ስውር አባቷን የምታኖረው በዚያ ሥራ ነበር። አላውቅም ነበር እንዳልል ቤታቸው ስንቴ በልቻለሁ።

ከዚያ አለቆቹ ስልክ የሚያነሳ ሮቦት አመጡ። እጅና እግር ያለው አይምሰልዎ፤ የሴት ድምፅ ብቻ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ከሴቶቹ ጎን ይሞከር፣ አንቺ አዳምጪና ሰውን ይተካ እንደሆነ ንገሪን አሉኝ። ከተካ ሴቶቹ ይሰናበታሉ፤ እኔ ግን እሱን እየተቆጣጠርኩ እቀራለሁ። ይህን አስቀድመው ነገሩኝ። ጆሮዬን የሸጥኩት ያኔ ነው።

አዳመጥኩ። ብዙውን ጥሪ ደህና አድርጎ መለሰ፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ግን ከሸርቆሌ በኩል አንድ ሽማግሌ ደወሉ። እዚህ አገር ሰው ጉዳዩን ከሰላምታ አያስቀድምም። ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ፣ ከብቱ ይጠየቃል፤ የተጠየቀውም መልሶ ይጠይቃል። ሐዋ ይህን ሁሉ ሳታጓድል ታደርስ ነበር፤ እኔ ደግሞ «ኧረ አሳጥሪ!» እያልኩ እቆጣት ነበር።

ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ፣ «ሰላም አሌኩም፤ ቤት ደህና? ልጆች ደህና?» አሉ። ሮቦቱ፣ «እባክዎ ችግርዎን ይግለጹ» አለ። ደግመው ጠየቁ። እሱም ያንኑ ደገመ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቤት ሐዘን አለ እንዴ? እኔ አላወቀም። አላህ ያጽናሽ ልጄ፣ ሌላ ቀን ደውላለሁ» ብለው ዘጉ።

ለማሽን አዘኑለት። ስለ መብራታቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በጨለማቸው ቀሩ። ሮቦቱ ደግሞ ጥሪው በመልካም ቃል ስላለቀ «ተፈቷል» ብሎ መዘገበው። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ እንደሳቸው ያሉ ሌሎችም ነበሩ። ማሽን ምን ያውቃል? የማውቀው እኔ ነበርኩ።

አለቆቹ ደውለው፣ «እህስ፣ ይተካል?» አሉኝ።

ይተካል አልኩ።

ማን አስገደደኝ? ማንም። ስለ ሽማግሌው መናገር ያቅተኝ ነበር? ቢያንስ ሐዋን አስቀሩልኝ ማለትስ? አላቃተኝም። ወንበሬን ፈራሁ። እሷ የሰውን ልብ እንደምታገኝ፣ ያ ድምፅ እንደማያገኝ እያወቅሁ፣ ይተካል አልኩ።

የተሰናበተች ቀን ሐዋ አቀፈችኝ። «አስቱ፣ ለእኛ ብለሽ እንደተከራከርሽ አውቃለሁ። አትዘኚ፣ ሪዝቅ የአላህ ነው፤ እንጀራ አያሳጣንም» አለችኝ። እኔ ነኝ ያስወጣሁሽ ማለት ሲገባኝ ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁ። አባቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ጉባ ወረደች፤ አሁን ለግድቡ ካምፕ ሠራተኞች ታበስላለች። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ከአንድ ድምፅ ጋር ቀረሁ።

እኔ እምቢ ብል ሌላው እሺ ይል ነበር፣ ሮቦቱ መምጣቱ አይቀርም ነበር እያልኩ ራሴን አባብያለሁ። ሊሆን ይችላል። ግን የተጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ያየሁትን የደበቅሁትም እኔው ነኝ። እርስዎን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ለእሷ እንዳልናገር ደግሞ እስከ ዛሬ አፌ ታስሯል። ፈሪ ነኝ።

አንዳንድ አርብ ስኳርና ሳሙና ይዤ አባቷን እጠይቃለሁ። ባለፈው ስሄድ እጄን ዳብሰው ያዙና፣ «ለልጄ የተሟገትሽላት አንቺ ነሽ፤ ሐዋ ነግራኛለች» አሉኝ። ከዚያ መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት፣ ልጆቼን ሳይቀር በየስማቸው እየጠሩ። ሲጨርሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆየሁ። ሲጨርሱ አሜን አልኩ።