ከሦስቱ የተረፈው ድምፅ

ኦዴል ስታንሲል አርባ አንድ ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ ቆሞ ዘምሯል፤ ድምፁን ለይቶ የሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ጉሮሮው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ባሪቶን ስለሆነ ነው።

በሰሜን አላባማ፣ የጥጥ ማሳና የዶሮ እርባታ ቤት በሚፈራረቁበት ተራራማ አገር ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። አራት ወንዶች አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ ለብሰው ሲዘምሩ ቴነሩ ጣራ ይነካል፤ ሴቶቹ ማራገቢያቸውን ይጥላሉ። ቤዙ ከወለል በታች ወርዶ ያጉረመርማል፤ ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ። መሪው ዜማውን ይይዛል፤ ሰው ሁሉ እሱን እያንጎራጎረ ቤቱ ይገባል። ባሪቶኑስ? ባሪቶኑ ሦስቱ መርጠው ከተዉለት ይለቃቅማል። ማንም ያልፈለጋትን ኖታ አንስቶ፣ አቧራዋን አራግፎ፣ በቦታዋ ያስቀምጣታል።

በ1953 ኦዴል ሜሪዲያን ከተማ አጠገብ ከነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት ሳይወጣ አብረውት የሚዘምሩት ሦስቱ ጥለውት ሄዱ። መድረክ ወጥተው ሁለት መዝሙር ከዘመሩ በኋላ አንደኛው፣ «ድምፅ ማጉያው ተበላሽቷል እንዴ? የሆነ ነገር ጎድሎታል» አለ። ማጉያውን ፈትተው ገጠሙት። ደግመው ፈቱት። ኦዴል ከአሳማ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ሲደርስ መብራት ሠራተኛ አስጠርተው ነበር። እሱም ከሦስቱ ጎን ቆመ፤ አፉን ከፈተ። መብራት ሠራተኛው፣ «አሁን ተስተካክሏል» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ሻዲ ፎርክ ኳርቴትን፣ ኦዴል የሚዘምርበትን የአራት ሰው ቡድን፣ በ1939 ያቋቋሙት አራት የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞች ናቸው። በመጋዙ ጩኸት መካከል ለመደማመጥ እየጮኹ ሲዘምሩ አንድ ሰባኪ ሰማቸውና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጠራቸው። ከዚያ የዶሮ መኖ ነጋዴ በሬዲዮ አስዘመራቸው። ከዚያ መንገድ ወጡ፤ ሳይመለሱ ቀሩ ማለት ይቻላል። አሥራ ሰባት ቴነር ተፈራርቆባቸዋል፤ ሁለቱን ትልልቅ ቡድኖች ነጠቋቸው፣ አንዱ ሰባኪ ሆነ፣ አንዱ የሰባኪ ሚስት ይዞ ጠፋ። ቤዙም ዘጠኝ ጊዜ ተለውጧል። ኦዴል የገባው በ1948፣ የፊተኛውን ባሪቶን ጆሮ ደግፍ ሲይዘው፣ «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ተብሎ ነው። ሁለት ሳምንቱ እስከ 1989 ዘለቀ። ባሪቶን የሚነጥቅ የለማ!

በዚያ ዓመት፣ ቡድኑ ሃምሳኛ ዓመቱን ሊያከብር አምስት ቀን ሲቀረው፣ ኦዴል አውቶቡሱን እያጠበ ሳለ ሮድኒ ቲድሞር መጣ። ሮድኒ ከመሥራቾቹ የአንዱ የልጅ ልጅ ነው፤ መሪ ድምፅም እሱ፣ ሥራ አስኪያጅም እሱ። ጥርሱ ብዙ ነው።

«ወንድም ኦዴል፣ መልካም ዜና ይዤልዎት መጣሁ።»

«ማን አገባ?»

«ባለፈው ወር ስቱዲዮ የቀዳነው ካሴት እንዴት እንዳማረ ቢሰሙት! በተለይ እርስዎ። እናማ ከእንግዲህ መቆም አያስፈልግዎትም።»

«ቁጭ ብዬ ልዘምር ነው?»

«የለም፣ ቁጭ ብለው… አይዘምሩም። የእርስዎን ድርሻ ካሴቱ ይዘምረዋል።»

«ካሴቱ ላይ ያለው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

ኦዴል ስፖንጁን ጨመቀ። «ታዲያ ራሴን ከሥራ ያባረርኩት እኔው ነኝ?»

«ኧረ ማን አባረረዎት? ሦስት ሆነን ስንቆም ወጣት እንመስላለን፣ ሌላ ምንም የለውም። አውቶቡሱን እርስዎ ይነዳሉ። ካሴቱንም የሚያጫውቱት እርስዎ ነዎት!» አለና ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ይህን ነገር በስሙ እንጥራው፤ ስርቆት ነው። የሰውን ድምፅ ከደረቱ አውጥቶ፣ ሳጥን ውስጥ ከትቶ፣ ባለቤቱን ሂድ የአውቶቡስ መሪ ያዝ ማለት ስርቆት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሲደረግ ደግሞ ይብሳል። ግን ኦዴልም ንጹሕ አይደለም። ባለፈው መስከረም ሃያ ስድስት ዓመት ፒያኖ የመታችውን ኔዲን ፕሩዊትን «ካሴት መጥቷል» ብለው ሲያሰናብቷት እዚያው ነበረ። ጫማውን አየ። የጫማው ማሰሪያ ያን ያህል የሚታይ ነገር አልነበረውም። ለሌላው ያልጮኸ ሰው፣ ተራው ሲደርስ ማን እንዲጮህለት ይጠብቃል?

ቤት ሲገባ ሚስቱ አርቬላ ባቄላ ትፈለፍላለች። ነገራት።

«አንተስ ምን አልከው?» አለችው።

«የኋላ ጎማው አየር ጎድሎታል አልኩት።»

አርቬላ አንድ ባቄላ ግንባሩ ላይ ወረወረችበት።

የሃምሳኛው ዓመት በዓል እሑድ ደረሰ። በሻዲ ፎርክ ቤተ ክርስቲያን በየነሐሴው አንድ እሑድ የሄደው ሁሉ ይመለሳል፤ ከኦሃዮ ፋብሪካ፣ ከቴክሳስ፣ ከየተበተነበት። ከትልቁ ባሉጥ ዛፍ ሥር ረጃጅም ጠረጴዛ ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ የኮክ ኬክ ተደርድሮ ጨርቅ ተከናንቧል፤ ከመዝሙሩ በፊት የነካው ሰው ስሙ አይነሣ። ውስጥ ሙቀቱ ሙጫ ያቀልጣል። ሦስቱ አዲስ የኮክ ቀለም ሙሉ ልብስ ለብሰው ወጡ። ለአራተኛ አልተሰፋም። ኦዴል በነጭ ሸሚዙ ከመድረኩ ጎን፣ ከካሴት ማጫወቻው ኋላ፣ የሰንበት ትምህርት ልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ።

«አሁን» አለ ሮድኒ በዓይኑ። ኦዴል ማጫወቻውን ቁልፍ ተጫነው።

ፒያኖ መጣ፣ ከበሮ መጣ፤ ከዚያ አራት ድምፅ እንደ ወተት ፈሰሰ። አራት! ኦዴል ጆሮውን አላመነም። እሱ ካሴቱ ላይ ያለው የእሱ ድምፅ ብቻ መስሎት ነበር። ሮድኒ ግን ሁሉንም አስገብቷል፤ ሦስቱ የሚያደርጉት አፍ ከፍቶ መዝጋት ብቻ ነበር። በእግዚአብሔር ቤት! ሕዝቡ ግን ምን ያውቃል፤ «አሜን!» ይላል፣ ማራገቢያ ያወዛውዛል።

ሦስተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ቴነሩ ዱዋይት አይቶ የማይጠግባት ቦታ አለች። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን እንደ ጎተራ በር ከፍቶ ላይኛዋን ኖታ የሚይዝባት። አንገቱን ጣለ። አፉን ከፈተ። ከጣራው ጥግ ደግሞ አንድ ቀይ ተርብ፣ የኮክ ቀለም ልብሱ ኮክ መስሏት እንደሆነ እንጃ፣ ቀጥ ብላ ወርዳ ገባችለት።

ዱዋይት አነቀው። አሳለው። ምላሱን አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘ። ጎንበስ አለ፣ ዘለለ፣ ከአበባ ማስቀመጫው ጋር ተጋጨ። ድምፁ ግን እላይ ላይ ነው! ጥርት ያለ፣ የተረጋጋ፣ ከድምፅ ማጉያው እንደ ብር ደወል ይጮሃል። ሰውየው ወለሉ ላይ ተርብ ይተፋል፤ ቴነሩ ሰማይ ላይ ክብር ለአምላክ ይሰጣል።

ሮድኒ አፉን እያንቀሳቀሰ በእጁ አንገቱን የሚቆርጥ ምልክት አሳየ። አጥፋው! አጥፋው! ኦዴል አየው። አርባ አንድ ዓመት የታዘዘውን ሁሉ አድርጓል፤ ጣቱ አሁን እምቢ አለች። ካሴቱ ውስጥ፣ ከሦስቱ መሐል፣ የራሱን ድምፅ ሰማው። አለ! እዚያ አለ፤ ትንሽ፣ ቀጥ ያለ፣ ጣራውን ተሸክሞ። ደስ አለው። ሮድኒ እንደገና አንገቱን እስኪቆርጥ አዳመጠ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ማቆሚያውን ተጫነው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ከፊት ወንበር ሚስ ዙላ ፔተስ ተነሡ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በዚያ አውራጃ ኖታ የሚያነብ ሁሉ ከእሳቸው ተምሯል ወይም ከተማሪያቸው ተምሯል።

«ዱዋይት፣ ልጄ» አሉ፣ «የዋጥከው መቼ ነው፣ የዘመርከውስ መቼ ነው?»

ዱዋይት ምላሱ አብጦ «ምፍ» አለ። ከኋላ አንዱ ሳቁን ማፈን አቅቶት ሲያፈተልክበት ቤቱ በሙሉ ተከተለው። ሰው በሰው ላይ ወደቀ፤ ሽማግሌዎች ጥርሳቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ሰባኪው ፊቱን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቀበረ።

«ጸጥ!» አሉ ሚስ ዙላ። «መዝሙር የጠፋበት ሰው ምን ያደርጋል? ኖታውን ይዘምራል። ኖታውን ዘምሩ!»

በዚያ አገር ኖታ እንደ ሰው መልክ አለው፤ ዶ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ሶ ክብ፣ ላ አራት ማዕዘን። አዲስ መዝሙር ሲመጣ መጀመሪያ የኖታው ስም ይዘመራል፣ ከዚያ ቃሉ። ይህን ያላደረገ ባዶ እግሩን መስክ እንደገባ ሰው ይታያል።

ሮድኒን ላብ አጠመቀው። «ሚስ ዙላ፣ ፒያኖ የሚመታልን የለም…»

«ለምን የለም? ኔዲን እዚያ ተቀምጣ አያታለሁ። ደግሞስ ኖታ መቼ ነው ፒያኖ የለመነው? ዶ ይኸው!» ብለው ድምፁን ሰጡት፤ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ፣ ግን ልክ። «ጀምር!»

ሮድኒ ቤዙን አየ። ቤዙ ጣራውን አየ። ዱዋይት ምላሱን ያያል። ሦስቱም በጆሯቸው የተማሩ ናቸው፤ ካሴት መልክ የለውም።

«ከእናንተ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም?» አሉ ሚስ ዙላ።

ያን ጊዜ ኦዴል ከትንሿ ወንበር ተነሣ። ወንበሯም አብራው ተነሣች፤ ከወገቡ ላይ ተጣብቃ። አላቀቃትና፣ «እኔ አውቃለሁ፣ ሚስ ዙላ። ግን የባሪቶኑን ብቻ ነው» አለ።

«ታዲያ እሱን!»

ዘመረ። «ሶ ሶ ሶ ላ ሶ ሶ፣ ፋ ሚ ሚ፣ ሶ ሶ…» ብቻውን። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። በስልክ ከሚያወሩት ሁለት ሰዎች አንዱን ብቻ እንደ መስማት ነው፤ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ፣ እንዴት? እሺ።» ዜማ የለውም፤ ይወጣል ሲሉት ይቆማል፣ ይቆማል ሲሉት ጎን ይረግጣል። ሰው እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ኦዴልም አንዱን «ላ» በሳቅ ሰበራት። ግን አላቆመም፤ ደረቱን ነፋ፣ ድምፁን ጨመረ፤ ዕድሜውን ሙሉ ቆጥቦ የነበረውን ሁሉ ያን ቀን አወጣው።

መጀመሪያ የመጣው ቤዝ ነው፤ ከኋላ መስኮት ሥር ከተቀመጡት የመሰንጠቂያ ጡረተኞች፦ «ዶ፣ ዶ፣ ሶ፣ ዶ!» ከዚያ በግራ በኩል ሴቶቹ ዜማውን አነሡት። በቀኝ ደግሞ ቴነሩ ተነሣ፤ ሦስት አክስቶችና አንድ የፖስታ አዳይ። ሁለት መቶ ሰው ማንም ሳያዘው ክፍተቱን ሞላ፤ ያ ገልጃጃ «ሶ ሶ ላ ሶ»ም መሐላቸው ገብቶ ትርጉም አገኘ። ሕዝቡ የራሱን ጆሮ አላመነም። «ለካ እሱ ነው! ለካ ያ እሱ ነው!» እያለ ይጠቋቆማል። ኔዲንም እግሯ አልቆም ብሏት ተነሥታ ፒያኖውን ከፈተች። የኖታው ስም ሲያልቅ ቃሉን ዘመሩ፤ ቃሉ ሲያልቅ ደገሙት፤ አራት ጊዜ። ወለሉ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ውጭ ምግቡን እንዲጠብቁ የተተዉት ሳይቀሩ ገቡ፤ ዶሮውን ውሾች አገኙት፤ ማንም ግድ አልነበረውም።

ውሾቹ ከተዉት ላይ እየበሉ ሳለ ሮድኒ ሳህን ይዞ መጣ። ጥርሱ ቀንሷል።

«ወንድም ኦዴል፣ ማክሰኞ ቻታኑጋ ነን። በሁለት ሰዓት እንነሣ?»

«አልነዳም።»

«ምን?»

«ቆሜ ካልዘመርኩ አልነዳም። ካሴት ቆሞ እኔ አልቀመጥም። ደግሞ ኔዲን ወደ ፒያኖዋ ትመለስ። ይህን ባለፈው መስከረም ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ። አሁን ግን አልፈራህም፤ እንዴት እንደምትዘምር አይቻለሁ።»

ኔዲን የኮክ ኬክ እየቆረጠች ሳትዞር፣ «እኔ ደግሞ ካልለመነኝ አልመጣም» አለች። «ቀስ ብሎ ይለምነኝ፤ የምቸኩልበት የለኝም።»

ሮድኒ ዙሪያውን አየ። ጠረጴዛው አጠገብ ያለው ሁሉ ማኘክ አቁሞ ይጠብቀዋል። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ኬኩን እያየ ለመናት። «ወደ እሷ ዞረህ!» አሉት። ዞሮ ለመናት። «እሺ በል» አለች። ሮድኒ «እርስዎም እሺ፣ ወንድም ኦዴል?» ሲል ሚስ ዙላ ጣልቃ ገቡ።

«እሱ እሺ ቢል እኔ እሺ አላልኩም። ሦስታችሁም ከነገ ጀምሮ አሥር ቀን ኖታ ትማራላችሁ። ከልጆቹ ጋር። ቻታኑጋ ስትሄዱም መጽሐፉን ይዛችሁ፤ ኦዴል እየነዳ ይጠይቃችኋል። ዱዋይት፣ አንተ አፍህን ዘግተህ መጀመር ትችላለህ።»

ዱዋይት «ምፍ» ብሎ ተስማማ።

በመኪና ወደ ቤት ሲሄዱ አርቬላ ባዶውን ሳህን ጭኗ ላይ ይዛለች። ኦዴል መሪውን በጣቱ እየመታ ያፏጫል።

«እንግዲህ» አለች፣ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ጥለኸኝ የምትሄደው ለዚያ ነገር ነው?»

«ለዚያ ነው።»

«ኦዴል፣ አስቀያሚ እኮ ነው። መንገድ የጠፋባት ዝይ ነው የሚመስለው።»

«ብቻውን አዎ።»

አርቬላ ሳህኑን አገላበጠች፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። «ሶ ሶ ሶ ላ…» ብላ ጀመረች፣ «ላ»ዋን ስታ። ኦዴል አረማት። እሷም አውቃ መልሳ ሳተቻት። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ እስኪበቃው ሳቀ።